ትኩስ ብረት አይለካም

ጡረታ በወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ጋቢው ደኅና ነው፤ ሰዓቱ በሳምንቱ ቆመ። የእኔ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ከምሠራበት ጋራዥ ጓሮ፣ ባረጁ ጎማዎችና በተቀዳደዱ በርሜሎች መካከል፣ የዕድሜዬን ግማሽ ፊቱ የቆምሁለት ጣሊያን ሠራሽ ቶርኖ ዝናብ እየወረደበት ተጥሏል። አዲስ ማሽን ሲመጣ እሱ በመዝገብ ላይ «ቁርጥራጭ ብረት» ሆነ። ቶርኖ ማለት ብረት ነክሶ እያሽከረከረ በስለት የሚልጥ ማሽን ነው፤ ድንች ሲላጥ ያየ ሰው ነገሩ ግማሹ ገብቶታል። ጨረታ ሲወጣ ተወዳደርሁ። ተፎካካሪዬ አንድ ቆራሌ ብቻ ነበር፤ እሱም ሽበቴን አይቶ አዘነልኝ መሰል ተወልኝ።

ከወልድያ በጭነት መኪና አስጭኜ ላሊበላ ቤታችን በር ላይ ሳራግፈው ባለቤቴ ዓለምነሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችን። ሁለት ጡረተኛ አመጣህብኝ አለች፤ ደግነቱ አንዱ ሽሮ አይበላም አለች። የጡረታዬ ገንዘብ ከጨውና ከዘይት ብዙ እንደማትተርፍ ስለምታውቅ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እኔም ከዚያ በላይ አልጠበቅሁም።

እኔ ለብረት ሥራ የተወለድሁ ሰው አይደለሁም። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ዳዊት ደግሜአለሁ። በእኛ አገር ያን ጊዜ ብረት የሚነካ ሰው ከንፁህ ቤተሰብ ጋር ማዕድ አይቀርብም፤ ዓይኑም ይፈራል። ደሴ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባሁ ስል እናቴ የሞተ ሰው እንዳለ ሁሉ አለቀሰች። አባቴ ግን ብዙ አሰቡና ዮሴፍም ጠራቢ ነበር፤ እንጨትና ብረት ምን ያህል ይራራቃል ብለው መረቁኝ። ያን ምርቃት ይዤ ደሴ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ፣ በመጨረሻም ወልድያ የመንገድ ሥራ ጋራዥ ገባሁ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ በየቀኑ ሪፖርት ያጽፈን ነበር፤ አንዱ ደግሞ ሪፖርት ማንበብ ስለማይወድ ስንጽፍ ይቆጣን ነበር። የሁለቱንም ስም ለማስታወስ ማሰብ አለብኝ። የጋሽ ዘውዴን ግን ማሰብ አያስፈልገኝም።

ጋሽ ዘውዴ የወልድያው ቶርኖ ቤት ኃላፊ ነበሩ። አጭር፣ ንግግራቸውም እንደ ቁመታቸው አጭር። የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አለ። ጥቁር ዘይት በሚጨማለቅበት ቤት ነጭ ጨርቅ መያዝ መጀመሪያ ቅንጦት መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ የተሠራውን ዘንግ በዚያ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን ያያሉ። ቅንጣት ብረት ካገኙ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ጠዋት ማሽን ሳያስነሡ ዘይት ያጠጡታል፤ እሱ ሳይጠጣ እኔ ሻይ አልጠጣም ይላሉ። ዘንጉን አቅፎ የሚያዞረው ኩሽኔታ ደኅና መሆኑን ለማወቅ አንዱን የእንጨት ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው። ተልጦ ያለቀ ብረት ሙቀቱ ሳይወጣ አይለካም። ዘንጉን እንጨት ላይ አስቀምጠው፣ መዳፋቸውን እንደ በሽተኛ ግንባር ጣል ያደርጉበትና፣ ሞቅ ካለ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። አለቃ ይምጣ፣ ሹፌር ይጩህ፣ አይነሡም።

«ትኩስ ብረት ይዋሻል» ይሉ ነበር። «ሲሞቅ ያብጣል። ልክ ነኝ ይልሃል፤ ሲቀዘቅዝ የለም።»

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። ወልድያ በገባሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው፤ ወሩ ታኅሣሥ፣ ጋሽ ዘውዴ ለቅሶ ሄደዋል። ጋራዡ የራሱ ሥራ ሲቀዘቅዝ ለውጭ ሰውም ይሠራ ነበርና ላሊበላ አካባቢ ካለችው ከብልባላ አቶ ደምሴ የሚባሉ ባለ ወፍጮ የተበላ ዘንግ ይዘው መጡ። ወፍጮው ቆሟል። የልደት በዓል ቀርቧል፤ ለእንግዳውም ለአገሬውም ዱቄት ያስፈልጋል፤ ሰው እህሉን ይዞ በራቸው ላይ ተሰልፏል። የሚመለሱበት መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ጥሩምባ ይነፋል። አዲስ ዘንግ ላጥሁላቸው። ገና እጅ እያቃጠለ ለካሁት፤ ልክ ነው። ኮራሁ።

ኩሽኔታ ዘንግ ላይ ሲገባ ጥብቅ ብሎ፣ ተገፍቶ ነው መግባት ያለበት። ዘንጉ ቀዝቅዞ ኩሽኔታውን ሳስገባ በሁለት ጣት ሸርተት ብሎ ገባ። ያነሰው ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ግን አንሷል። ሌላ ዘንግ ለመላጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል። መኪናው ይጮኻል፣ አቶ ደምሴ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ሹል ብረት አነሣሁና ኩሽኔታው የሚያርፍበትን ቦታ ዙሪያውን በመዶሻ ነጠብጣብ አደረግሁት። እያንዳንዱ ነጥብ ጠርዙን ትንሽ ስለሚያሳብጥ ኩሽኔታው አሁን ጥብቅ ብሎ ገባ። የሚያይ ሰው የባለሙያ ሥራ ነው ይላል። ጋሽ ዘውዴ ቢያዩት ግን ሥራውን ከነሠሪው ነበር የሚጥሉት። አቶ ደምሴ መርቀውኝ ሄዱ።

ነጥቦቹ ቀን በቀን እየተዳጡ ኩሽኔታው ላላ፣ ዘንጉን መብላት ጀመረ፤ በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ዘንጉ ለሁለት ተሰበረ። ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ከነመዘውሩ ተወንጭፎ የአቶ ደምሴን ቀኝ ክንድ ሰበረው። ወጌሻ አሰረላቸው፤ ክንዱ ግን ታጥፎ ቀረ።

ወሬው ሲደርሰኝ ኩሽኔታው የማይረባ ነበር ልል ተዘጋጅቼ ነበር። አላስፈለገም። አገሬው ምክንያቱን ቀድሞ አግኝቶታል። ሰውየው ለልደት ይድረስ ብለው በገብርኤል ዕለት ወፍጮ አስነሥተዋል፤ መልአኩ ነው የቀጣቸው ተባለ። እሳቸውም ይህንኑ አምነው ንስሐ ገቡ። እኔም ከመልአኩ ጀርባ ተደብቄ ቀረሁ።

ጋሽ ዘውዴ ሲመለሱ ስባሪው ለመለኪያ መጥቶ ነበር። አገላብጠው አዩት፤ በአውራ ጣታቸው ነጠብጣቡን ዳሰሱት። አዲሱን ዘንግ ራሳቸው ሠሩ። ከዚያ ማሽኑን ሲጠርጉ ፊታቸውን ሳያዞሩ ለሰውየው ነገርኸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልሁ። ዋሸሁ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሡም። ጡረታ በወጡ ዕለት ግን ያን ነጭ ጨርቅ ሰጡኝ፤ ስፈታው ውስጡ ስባሪው ዘንግ ነበር። ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም። ስባሪው አለ።

እንግዲህ ያን ሁሉ ተሸክሜ ነው ቶርኖውን ላድስ የተነሣሁት። ቤታችን ቀዩ የላሊበላ ዓለት ላይ ነው የተሠራው። የጓሮውን ክፍል ወለል በዶማ አስተካክዬ፣ ማሽኑን ሲሚንቶ ሳላፈስስ እዚያው ዓለቱ ላይ በቡሎን አሰርሁት። ከዓለት የጠነከረ መሠረት ከየት ይመጣል? ነገሥታቱ ቤተ ክርስቲያን ያቆሙበት ነገር ለአንድ ቶርኖ ያንሳል ብዬ አላሰብሁም። በውኃ ልክ በርዝመቱም በወርዱም ለካሁ፤ ከእግሩ ሥር ቀጫጭን ላሜራ እየሰጠሁ አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ እስክትል አስተካከልሁ። ወሩ የካቲት ነው፤ ምድሩ ደርቆ ይንጣጣል።

ዝገቱን በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ ማንሣት ብቻ አንድ ወር ፈጀ። ሞተሩ የፋብሪካ መብራት የሚፈልግ ነው፤ የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ አምፖል ማብራቱም በልመና ነው። ወልድያ ያለ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ኢንቨርተር የሚሉትን ሣጥን ገጠመልኝ፤ አሁን ያ አሮጌ ሞተር በቤት መብራት ይዞራል፣ ፍጥነቱንም በአንዲት ቁልፍ አዝዘዋለሁ። ጋሽ ዘውዴ ቢያዩ ሦስት ጊዜ ያማትቡ ነበር። ስለቱን የሚያስጠጋው የነሐስ ክር ተበልቶ ስለነበር፣ መስቀል የሚያቀልጥ ጎረቤት ነሐሱን አፈሰሰልኝ፤ ክሩን እዚያው ቶርኖ ላይ አወጣሁለት። የራሱን አካል ራሱ ሠራ ማለት ነው።

ከባዱ አልጋው ነበር። አልጋ የምንለው ስለቱን የተሸከመው ጋሪ የሚንሸራተትበት ረጅም ብረት ነው። የጋሪው ሆድ ለዓመታት ተፍቆ ጎድጉዷል። እሱን ማቃናት የሚቻለው በእጅ ነው። ቀለም በስሱ አልጋው ላይ ትቀባለህ፣ ጋሪውን ታስኬድበታለህ፣ ከሆዱ ቀለም የነካውን ቦታ ብቻ በመፋቂያ ትፍቃለህ፤ ከዚያ እንደገና። ለዚህ የሚሆን ቀለም ከገበያ አጣሁ። አባቴ ለብራና ቀለም የሚበጠብጡት ከጥቀርሻ እንደነበር ትዝ አለኝና ከድስት ሥር ጥቀርሻ ፍቄ በዘይት ለወስሁት። እንደ አባቴ ቀለም ጥቁርና ለስላሳ ሆነ። ዓለምነሽ በዕድሜህ መጨረሻ ድስት ማጠብ ጀመርህ ብላ ሳቀች። ሁለት ወር ፋቅሁ። ሰኔ ላይ የመጀመሪያውን ዘንግ ለሙከራ ላጥሁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ወጣ። ደስታዬን ለመደበቅ ስል ወጥቼ እንጨት ፈለጥሁ።

ክረምቱ አለፈ። በጥቅምት አንድ ቀን በራችን ላይ አህያ ቆመ። አህያው ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ዘንግ ተጭኗል፤ ከአህያው ኋላ ቀኝ ክንዳቸው የታጠፈ ሽማግሌ ቆመዋል። አቶ ደምሴ ናቸው። ላሊበላ ቶርኖ አለ ሲሉ ሰምተው እንጂ እኔ መሆኔን አላወቁም ነበር። ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ ጋሽ ዘውዴ የሠሩት ዘንግ እስከ አሁን ማገልገሉን ነገሩኝ። አሁን በእርጅና ተበልቷል። ለልደት ይድረስልኝ አሉ። ያንኑ ቃል! እሺ ብዬ ዘንጉን ከአህያው አወረድሁ።

በማግሥቱ መሞከሪያ ብረት ላጥሁ። አንዱ ጫፍ ከሌላው ወፍሮ ወጣ። ስለቱን ቀየርሁ፤ ያው ነው። ጋሪውን ፈትቼ አየሁ፤ ምንም የለበትም። ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም ማለት ይቻላል። ሰኔ ላይ ቀጥ ያለው ማሽን፣ እሳቸው ሲመጡ ምን ነካው? እውነቱን ልናገር፤ ኃጢአቴ ነው ብዬ አሰብሁ። ብረት የተማርሁ ሰው፣ እንደ ብልባላ ሰው እኔም መልአክ መወንጀል ጀመርሁ።

ያዳኑኝ ጎረቤታችን መምሬ አስረስ ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ክረምት ሲገባ የአብያተ ክርስቲያናቱን የውኃ መውረጃ ቦይ ከሚጠርጉት አንዱ ናቸው። ውኃ ልኩን አልጋው ላይ አስቀምጬ አረፋዋ ወደ አንድ ጥግ ሸሽታ እያየሁ ስብሰለሰል ደርሰው ምን ሆነሃል አሉኝ። ማሽኑ ተጠማዘዘብኝ፣ መቼም ዓለቱ አይነቃነቅ አልኋቸው።

«አይነቃነቅም ያለህ ማነው?» አሉ። «ዓለቱ እኮ ይጠጣል፤ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ይኼ ሁሉ ቦይ የተፈለፈለ ለጌጥ መሰለህ? የጥንቶቹ ለዓለቱም ለውኃውም ልክ ያውቃሉ።»

ላሊበላ ኖሬ፣ በየቦዩ ላይ እየተሻገርሁ ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ይህን አለማሰቤ አሳፈረኝ። የእኛ አገር ሰው ሁሉን ሲጠራጠር ዓለቱን አይጠራጠርም። የጣሪያው ውኃ በክፍሉ በስተጀርባ ሲወርድ ኖሮ ከቶርኖው አንድ እግር ሥር ዓለቱን አጠጥቶ አሳብጦታል። ብረትም ዓለትም ያብጣል፤ አንዱ በእሳት፣ ሌላው በውኃ። ሁለቱንም ትዕግሥት ነው የሚለካቸው። በክፍሉ ዙሪያ ተዳፋት ያለው ቦይ ቆፈርሁ። መምሬም ካባቸውን አውልቀው ዶማ አነሡ፤ ተዉ ብላቸው አልሰማ አሉ። ከዚያ ለአቶ ደምሴ ገና ነው፣ ይደርቅ ብዬ ላክሁ። ልደት ቀርቧል የሚል መልስ መጣ። ገና ነው ብዬ ደግሜ ላክሁ። ያን ቃል የዛሬ ስንት ዓመት ብዬው ቢሆን።

ኅዳር አጋማሽ ላይ አረፋዋ መሐል ላይ ገብታ ቀረች። አቶ ደምሴን አስጠራሁ። ዘንጉን እያዩ ላጥሁት፤ ልጣጩ እንደ ቀጭን ሐረግ እየተጠቀለለ ወረደ። አውጥቼ ጥላ ውስጥ እንጨት ላይ አስቀመጥሁት። ለካውና ልሂድ አሉ። ትኩስ ብረት አይለካም፣ ይቀዝቅዝ አልሁና ወንበር ሳብሁላቸው። መዳፌን ዘንጉ ላይ አደረግሁ፤ ገና ሞቃት ነው። ጊዜው ይኸው ነው አልሁ በልቤ። ነጩን ጨርቅ ከመስኮቱ አውርጄ ፈትቼ ስባሪውን ግራ እጃቸው ላይ አኖርሁት። ከዚያ ሁሉን ነገርኋቸው፤ መኪናውን፣ ሙቀቱን፣ ነጠብጣቡን፣ ዝምታዬን። ጋሽ ዘውዴን መዋሸቴንም።

እንደ ጋሽ ዘውዴ በአውራ ጣታቸው ነጠብጣቡን ዳሰሱት።

«እንግዲያ ገብርኤል አይደለም?» አሉ።

«አይደለም ጋሼ። እኔ ነኝ።»

እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገብርኤልን ቅጥር ገብተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። በየዓመቱ ከበሩ ውጭ ቆመው ነው የሚሳለሙት። ሰው ለትሕትና ይመስለዋል፤ እሳቸው ግን መልአኩ ቢያያቸው እንደገና የሚመታቸው እየመሰላቸው ነበር።

«በክንዴ አልቀየምህም» አሉኝ በመጨረሻ። «ብረት ነው፣ ይሰበራል። ከደጅ ለቆምሁበት ግን ትንሽ ልቆጣህ።»

ተቆጡም። ጥላው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እስኪዞር ፊታቸውን አዙረው አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ዓለምነሽ ምሳ አቀረበች፤ እሷን መረቁ፣ እኔን አላዩኝም። እኔ ግን፣ ይገርማል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼ እስከ ሆዴ ወረደ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ግራ እጃቸውን ዘረጉና ዘንጉን ዳሰሱ።

«አሁን ቀዝቅዟል?»

መዳፌን አደረግሁ። ቀዝቅዟል። በነጩ ጨርቅ ጠርጌ ለካሁት፤ ልክ ነው። ኩሽኔታው ተገፍቶ፣ ጥርስ ነክሶ ገባ። መዶሻ አላነሣሁም።

መምሬ አስረስ ነገሩን ሲሰሙ በበዓል ማስፈጨቱም ቢሆን ደግ እንዳልሆነ ተናገሩ፤ ቀጥለው ግን ገብርኤል ዘንግ አይሰብርም ብለው ሳቁ።

ታኅሣሥ ገብርኤል ለት ወደ ብልባላ ወጣሁ። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስደርስ ሕዝቡ ቅጥሩን ሞልቶታል፤ ከበሮ ይመታል። አቶ ደምሴን ከበሩ ውጭ ፈለግሁ፤ የሉም። ይቆሙበት የነበረው ቦታ ዓመት ከዓመት ተረግጦ ሣር አይበቅልበትም። እኔ እዚያ ላይ ቆምሁ፤ ለእኔ የሚገባው እሱ ነው ብዬ። አንገቴን ደፍቼ ስሳለም አንድ እጅ ጋቢዬን ያዘ። አቶ ደምሴ ነበሩ፤ ከውስጥ ወጥተው ነው የመጡት። በዚያ በታጠፈው ክንዳቸው ጎትተው ይዘውኝ ገቡ።